እግርዎ ስለታጠበበት ሐሙስ

ይድረስ ለተከበሩ ጓድ ቢያዝን፣ በባሕር ዳር ከጣና ዳር ለምትገኘው ቀበሌያችን ሊቀመንበር፤

ጤናዎን አብዝቶ ይስጥልኝ። የሰጪውን ስም መጥራት በስብሰባ ስለተከለከለ አልጠቀስሁትም። በተለይ የእግርዎን ጤና ዘወትር አስባለሁ፤ ምክንያቱን ወረድ ብዬ በትሕትና አቀርባለሁ።

እስከ ዛሬ ለማንም ያልነገርሁትን በማስቀደም ልጀምር። ባለፈው ሐሙስ ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል የእርስዎን እግር የጠቆምሁት እኔ ነኝ። የጤና ረዳቱ አበራ እኔ ያልሁትን ከመተርጎም በቀር ያደረገው ነገር የለም፤ ስለዚህ ዓርብ ዕለት እርሱን በቀበሌው እስር ቤት ማስገባትዎ ለእኔ የሚገባውን ቦታ ለሌላ መስጠት ሆኖብኛል። ደብዳቤውን በፖስታ አላሸግሁትም፤ መንደሩ ሁሉ ቆሞ ያየውን ነገር ማሸግ ሙጫ ማባከን ነው።

አንደኛ፣ ምስጋና። ከባሕር ማዶ የመጡት ክርስቲያን ወጣቶች ክሊኒካችንን ሲሠሩ ማደሪያ በተፈለገ ጊዜ፣ ከዚህች መበለት አፍ ቃል አይወጣም ብለው ልጃገረዶቹን እኔ ቤት መድበውልኛል። ባለቤቴ ከሞተ ወዲህ ቤቴ እንዲህ ሞቅ ብሎ አያውቅም። ጎህ ሲቀድ ተነሥተው ይዘምሩ ነበር፤ ጭቃውንም የሚረግጡት እየዘመሩ ነበር። አፍንጫቸው በፀሐይ ተልጦ እንደ በሰለ ቲማቲም ቀልቶ ነበር። ጾም መሆናችንን ሲሰሙ በቆርቆሮ ያመጡትን ሥጋ ወደ ሳጥኑ መልሰው ሽሮ ከእኛ ጋር በሉ። በመንገድ ያገኙትን ሁሉ፣ የጨው ነጋዴውን የሙሀመድዘይንን አህያ ጭምር፣ ሰላም ሳይሉ አያልፉም ነበር። ኢንግሪድ የተባለችው አለቃቸው በእንስራ ውሃ አዝላ ስትመጣ ከቄሱ ጋር ተገናኘችና፣ እንደ አገራችን ሴቶች ጎንበስ ብላ እጅ ስትነሣ ውሃው በራሷ ላይ አልፎ ቄሱን አጠመቃቸው። እርሳቸውም ጢማቸውን እየጨመቁ፣ አርባ ዓመት ሳጠምቅ ኖሬ ዛሬ ተራዬ ደረሰ ብለው አለፉ። ለዚህ ሁሉ ደስታ ባለውለታችን እርስዎ ነዎት።

ሁለተኛ፣ ስለ ሐሙሱ። በእነርሱ አቆጣጠር ጸሎተ ሐሙስ ከእኛ በሳምንት ቀድሞ ዋለ። በዚያ ቀን የደከመ ሰው እግር ማጠብ ልማዳቸው ስለሆነ፣ ሕዝቡ ለሥራ ከክሊኒኩ ደጅ ተሰብስቦ ሳለ ኢንግሪድ በአበራ አስተርጓሚነት ከመንደሩ እጅግ የደከመውና እግሩን የሚያጥብለት ያጣው ማን እንደሆነ ጠየቀችኝ። እርስዎ ንግግር ያደርጉ ነበር። ጓድ ቢያዝን ናቸው አልሁ።

በተንኮል ነበር፣ አልክድም፤ እግርዎን ሰብስበው ሲሸሹ እንስቃለን ብዬ ነው። እርስዎ ግን ወንበር ላይ ተደላድለው፣ ጫማዎን እንድታወልቅልዎ እግርዎን ዘረጉላት። በአብዮታችን ጌታና አሽከር መቅረቱን ገና ከአፍዎ ሰምተን ሳንጨርስ፣ ትምህርቱ በተግባር ምን እንደሚመስል ወዲያው ስላሳዩን ባለዕዳዎችዎ ነን።

ከዚያ ካልሲው ሲወርድ፣ ከቀኝ ቁርጭምጭሚትዎ ላይ የታሰረ ጥቁር ማተብ ብቅ አለ።

በጥር ወር ስብሰባ የአንገት ክር ሠርቶ አደሩን እንደሚያንቅ አስረድተው፣ የወጣት ማኅበሩን ልጆች ማተብ በመቀስ ማስቆረጥዎን አስታውሳለሁ። ቁርጭምጭሚትን ግን እንደማያንቅ አሁን ተምረናል። ቢያዝን ማተብ የለውም ሲሉ ብዙ ጊዜ እሰማ ነበር፤ ከእንግዲህ በሚጠሩኝ ሸንጎ ሁሉ ቀርቤ ሐሰት መሆኑን እመሰክራለሁ።

ኢንግሪድ ክሩን በጣቷ ከፍ አድርጋ ከሥሩ አጠበችልዎ፤ በነጠላዬም አደረቀችው። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ አንድ ሰው አልሳቀም። እርስዎ ዓይንዎን ጨፍነው ስለነበር አላዩም ይሆናል። ጎረቤቴ ወይዘሮ ሸምሲያ እንኳ እንዳያፍሩባቸው ፊታቸውን ወደ ሐይቁ አዙረው ነበር።

ሦስተኛ፣ ቅሬታ። በማግሥቱ ወጣቶቹን በጭነት መኪና ወደ መራዊ ሰደዷቸው፤ ክሊኒኩ ያለ ጣሪያ ቀረ። አበራንም አዛብቶ ተርጉሟል ብለው አሰሩት። ጓድ ሊቀመንበር፣ እግርዎ ተዛብቶ እንዳልታጠበ ሁላችንም ምስክር ነን። ሚስቱ አገርነሽ በየቀኑ ስንቅ ታመላልሳለች፤ ሰው ሁሉ በፈቃዱ የዋጠልዎትን ነገር እየቆሰቆሱ የሚያስተፉት እርስዎ ራስዎ ነዎት።

እኔ ከዚህ ቀደም አንድ ጊዜ ዝም ብያለሁ። በሰባ ዓመተ ምሕረት የወይዘሮ ሸምሲያ ልጅ ዓሊ በምሽት ወረቀት በትኗል ተብሎ ሲወሰድ፣ ያን ምሽት መጽሐፍ ሊዋሰኝ መጥቶ እኔ ቤት እንደነበር ወጥቼ መናገር እችል ነበር፤ መስኮቴን ዘጋሁ። ልጁ አልተመለሰም። እናቱ እስከ ዛሬ ጎመናቸው ሲደርስ ይልኩልኛል፤ ያ ጎመን ሲዋጥ ምን ያህል እንደሚከብድ የማውቀው እኔ ነኝ። ሁለተኛ ጎመን የምውጥበት ጉሮሮ የለኝም።

ስለዚህ አበራ ከእኛ ጸሎተ ሐሙስ አስቀድሞ እንዲፈታ እለምናለሁ። የግድ ሰው መታሰር ካለበት ጠቋሚዋ አለሁ፤ ጋቢዬንና መጽሐፌን አዘጋጅቻለሁ። በዚያ ቀን ቄሱ በቤተ ክርስቲያን የምእመናኑን እግር ያጥባሉ፤ እርስዎ አስቀድመው ስለታጠቡ ባይመጡም ቅር አንሰኝም።

ፊደልን ያለ አስተማሪ ለብቻዬ የለቀምሁ ነኝና ለአጻጻፌ ጉድለት ይቅርታዎን እየጠየቅሁ፣ ከቆብዎ እስከ ካልሲዎ ድረስ ለሚገባዎ ክብር ሁሉ እጅ የምነሣ፣

እናትዓለም ወልደ ዮሐንስ
መጋቢት 30 ቀን 1977 ዓ.ም.

ማስታወሻ፤ የቁርጭምጭሚትዎ ክር በጣም ሳስቷል። ጥቁር ፈትል ገምጄ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አዲስ ልኬልዎታለሁ፤ ለአንገት እንዲበቃ አድርጌ ነው የቆረጥሁት። ለአውራጃው ጽሕፈት ቤት ግልባጭ የማደርግበት ወረቀት ለጊዜው አልተረፈኝም። በእጄ የገለበጥሁት አንድ ብቻ ነው፤ የምሰጣቸው ሰው ማንበብ ስለማይችሉ ነገ ከታንኳ እንደወረዱ ቁጭ ብዬ አነብላቸዋለሁ። ተቀባይዋ የመጀመሪያውን ክር የፈተሉልዎት እናትዎ፣ ለበዓሉ ከደሴቱ ገዳም የሚመጡት እማሆይ ወለተ ሚካኤል ናቸው።