ልጄን ከቤቴ እንዳስተምር ላበቁኝ ዳይሬክተር

ለተከበሩ አቶ መርዳሳ፤

ጤናዎ እንደ ክንድዎ የበረታ ይሁን፤ ቤተሰብዎም በሩ ሳይሰበር በሰላም ይደር። እኛም አዳማ ላይ፣ ከእርስዎ የተረፍነውን ያህል፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን።

አንደኛ፣ የስምንት ዓመቷ ልጄ ማርቲ ፈተና ሲጀመር በለሆሳስ «አባታችን ሆይ» ስትደግም መልስ የምትነግር መስሎዎት፣ ደም እስኪፈሳት ግራና ቀኝ ጆሮዋን በጥፊ ስላጮሉላት አመሰግናለሁ። ሐኪሙ ታምቡሯ ተቀድዷል ሲለን፣ ለፖሊስ አመለከትንና ልጃችንን ቤት አስቀረናት። ጠዋት ዳዊት ደግመን እኔ ንባብ አስተምራታለሁ፤ ባለቤቴ ምልኬሳም ከዓለም ጤና ከተማ ሽንኩርት ጭኖ ሲመለስ ሂሳብና አፋን ኦሮሞ ያስጠናታል።

ሁለተኛ፣ «ልጅ ከትምህርት ገበታ አስቀርታችኋል» ብለው ሊመክሩን ሁለት ዘበኞች አስከትለው ስለመጡ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ምክሩ ክሱን አንሱ የሚል ነበር። ምልኬሳ በሩን ገርበብ አድርጎ «ልጅቷ ታማለች፣ ነገ በሽማግሌ እንነጋገር» ሲል በሩን በእርግጫ ገነጠሉት፤ አንደኛው ዘበኛ በቆመጥ ክንዱን ሰበረው። አጥንቱ ሲሰበር ድምፁን ሰምቻለሁ።

ሦስተኛው ምስጋና ለእርስዎ አይደለም። ዘነዘና አንስቼ አናትዎ ላይ ልሰነዝር ነበር። ምልኬሳ ከወደቀበት ሆኖ «ሰብሌ፣ ተዪው። ልጅሽ እያየችሽ ነው» አለኝ። ስለዚህ ይህንን ደብዳቤ የሚያነቡበት ጭንቅላት ስለተረፈዎት ምስጋናው ለእሱ ነው። ጎረቤቴ ዘሃራ የሰፈሩን ሴቶች ይዛ ደርሳ ከግቢ አስወጣችዎት፤ ዛሬ የእሷም ሁለት ልጆች ከማርቲ ጋር እኛ ቤት ይማራሉ።

በማግስቱ ወንጌል ስናነብ «ጠላቶቻችሁን ውደዱ» የሚለው ላይ ደረስን። ማርቲ ቀና ብላ «እማዬ፣ ጋሼ ዳይሬክተርንም?» ብላ ጠየቀችኝ። እሱን ነገ እንማረዋለን አልኳት። እስካሁን አልተማርነውም፤ መምህሯ ገና አልገባትም።

ክሱን የማያነሳ እጄን በአክብሮት፣ ከሩቅ፣ ለሰላምታ እየዘረጋሁ፣
ሰብለወንጌል፣ የማርቲ እናትና መምህር

ማስታወሻ፦ ማርቲ ግን እኔን ሳትጠብቅ ማታ ማታ ትጸልይልዎታለች። ጆሮዋ ስለደከመ ድምጿን መመጠን አቅቷታል፤ ስለዚህ «ጋሼ መርዳሳን ይቅር በላቸው» ስትል ሰፈሩ በሙሉ ይሰማል። አሜን የሚል ግን እስካሁን አልሰማሁም።