የአርብ ጥቅሎች

ሰኞ፣ ጃንዋሪ 10

ከባንክ ያወጣሁትን የሳንቲም ካርቶን ፈትሼ ጨረስኩ። ሃምሳ ጥቅል፣ በየጥቅሉ ሃምሳ ባለአንድ ሳንቲም። ጀርባቸው ላይ የስንዴ ዛላ ያለባቸው፣ እኛ ሰብሳቢዎች የምንፈልጋቸው አሮጌዎቹ ሦስት ብቻ። የ1944፣ የ1951፣ የ1956። የተለመደ ነው።

ወገቤን አመመኝ። ናዲን፣ "ሚስት አለችህ እኮ፤ አንዳንዴ ቀና ብለህ እያት" አለችኝ። ቀና ብዬ አየኋት። ሳቀች።

ፈትሼ የጨረስኳቸውን ወንዙን ተሻግሬ ማዶ ላለው ባንክ መለስኩ። ካወጣህበት ባንክ አትመልስ፤ የጣልከውን ራስህ ትለቅመዋለህ... ሽማግሌው ሰብሳቢ ጓደኛዬ ኦርቪል ያስተማረኝ የመጀመሪያው ሕግ። ሁለተኛው፦ ጥሩ ምንጭ ስታገኝ አፍህን ዝጋ። ከማን እንደመጣም አትጠይቅ። ጠይቀውት ያልደረቀ ምንጭ የለም።

ከገና ወዲህ ኦርቪልን አላየሁትም። የወንድሙ የልጅ ልጅ ሊጦረው መጥቶ አብሮት ገብቷል አሉ። ደግ አደረገ። በሰማንያ አራት ዓመት ብቻውን መኖር...

አርብ፣ ጃንዋሪ 14

የባንኩ ካሸር ማርላ ገና ስገባ፣ "ሮስኮ፣ ቁርስህ ደርሷል!" አለች። ሰው በእጁ የጠቀለለው ሲመጣላት ለኔ ታስቀምጥልኛለች። አራት ጥቅል ሰጠችኝ።

መኪና ውስጥ አንዱን ፈታሁ። ሃምሳውም ባለስንዴ። ሃምሳውም! ሃያ ስምንት ዓመት ስፈልግ እንዲህ ያለ አይቼ አላውቅም።

ተመልሼ ገባሁ። "እንደነዚህ ያለ ከመጣ ለማንም እንዳትሰጪ።"

"ያመጣው ማን መሰለህ..."

"ተይው። አትንገሪኝ።"

"አንተ እኮ አጉል ሰው ነህ" አለች።

ቅዳሜ፣ ጃንዋሪ 15

ለናዲንም አልነገርኳትም።

አርብ፣ ጃንዋሪ 21

ስድስት ጥቅል። በዓመት የተለዩ። የ1930ዎቹ ለብቻ፣ የ1920ዎቹ ለብቻ።

እንዲህ የለየ ሰው ዋጋቸውን ያውቃል። ዋጋቸውን የሚያውቅ ደግሞ ባንክ አይወስዳቸውም። ስለዚህ የለያቸውና የወሰዳቸው አንድ ሰው አይደለም።

አሮጌ ሳንቲም ከቤት የሚወጣው ባለቤቱ ሲወጣ ነው። ይህን ሁላችንም እናውቃለን፣ አንናገረውም እንጂ። የኛ ጥሩ ቀን የሌላ ሰው ክፉ ቀን ነው። ጋዜጣው ላይ የሞቱትን ስም አየሁ። አንዲት አበባ ሻጭ፣ አንድ የቧንቧ ሠራተኛ። የማውቀው ሰብሳቢ የለም። እፎይ አልኩ።

ለማን ነው እፎይ ያልኩት?

ሰኞ፣ ጃንዋሪ 24

ኦርቪል ጋ ደወልኩ። ልጎርርበት ነበር... የራሱን ሕግ ልጥስበት። የማላውቀው ድምፅ አነሳው። ክሊንት፣ የወንድሙ የልጅ ልጅ።

"ተኝቷል አባባ።"

"ከረፋዱ አምስት ሰዓት?"

"ሽማግሌ አይደል? ምን ሥራ አለበት?"

ከኋላው የሆነ ነገር ይንኳኳል። ብረት በብረት። ሦስት ጊዜ፣ ዝም፣ ደግሞ ሦስት ጊዜ።

"ቧንቧ ነው" አለና ዘጋው። እኔ አልጠየቅኩትም ነበር።

አርብ፣ ጃንዋሪ 28

አምስት ጥቅል። አንዱ ውስጥ በ1924 ዴንቨር የተመታ ሳንቲም። ሳንቲሙ ላይ ካለው የሊንከን ምስል ጆሮ ኋላ ጥርስ የነከሰው የሚመስል ስርጉድ አለበት። አውቀዋለሁ። ከሰባት ዓመት በፊት ለኦርቪል የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ በዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ለውጬ።

የኦርቪል ናቸው። ሁሉም።

ክሊንት እየሰረቀው ነው። ዋጋቸውን ሳያውቅ፣ እንደ ተራ ሳንቲም እየመነዘረ። ደደብ ሌባ።

ሄጄ ልንገረው? ብነግረው ልጁ ይባረራል፣ ከዚያ በኋላ ጥቅሎቹ... አይ። እኔ እጅ ቢገቡ ይሻላል። ሌላ ሰው ቢያገኛቸውስ? ላስቀምጥለት። ሁሉም ተሰብስበው ሲያልቁ ወስጄ ጠረጴዛው ላይ እዘረግፍለታለሁ። እንዴት ይደሰታል!

ይህን ሁለት ጊዜ ሰርዤ ነው የጻፍኩት።

አርብ፣ ፌብሩዋሪ 4

ሰባት ጥቅል።

ኦርቪል የጥቅሉን ጫፍ እንደ ፖስታ አስተካክሎ ነው የሚያጥፈው። እነዚህም እንደሱ ሊታጠፉ ተሞክሯል፤ ግን ተጨማደዋል፣ ጣቱ የደነዘዘ ሰው እንዳጠፋቸው። ድሮ የጠቀለላቸው ይሆናሉ። ወረቀቱ ግን አዲስ ነው።

በአንዱ ላይ ቡናማ ነጠብጣብ አለ። ዝገት ይሆናል።

ወረቀት ይዝጋል እንዴ?

ማክሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 8

በኦርቪል ቤት በኩል አለፍኩ። ሌሊቱን ሙሉ በረዶ ጥሎ አድሯል። ከጭስ ማውጫው ጭስ አይወጣም። የሁሉም ቤት ይጨሳል፣ የሱ አይጨስም። መንገዱ ስለተዘጋ አልቆምኩም።

መንገዱ አልተዘጋም ነበር። ተጠርጓል። አልቆምኩም።

አርብ፣ ፌብሩዋሪ 11

ማርላ ራሷን ነቀነቀች። "ዛሬ ጾም ነህ።"

ምንም የለም። ቀኑን ሙሉ ተነጫነጭኩ። ናዲን፣ "ምን ሆነሃል?" ብትለኝ ወገቤን አልኳት። ለኦርቪል አይደለም የተነጫነጭኩት። ለጥቅሎቹ ነው። ይህን እዚህ ልጻፈው፤ ሌላ ቦታ አልናገረውም።

አርብ፣ ፌብሩዋሪ 18

አንድ ጥቅል። ጫፉ ላይ፣ ፊቱን ወደ ውጭ አድርጎ፣ በ1909 ሳን ፍራንሲስኮ የተመታው፣ ከሁሉም ብርቁ ሳንቲም።

ኦርቪል ይህን በእጄ አስነክቶኝ አያውቅም። "ስሞት የሸሚዜ ኪስ ውስጥ ክተቱልኝ፤ የሚከራከር ካለ ተነስቼ አንቀዋለሁ" ይል ነበር።

ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ስመለከተው ናዲን ከኋላዬ መጣች።

"ይሄ የኦርቪል አይደል?"

"ነው።"

"ውይ... መቼ ሞተ?"

"አልሞተም።"

"በምን አወቅክ?"

ሳንቲሙን በመዳፌ ሸፈንኩት።

"ሮስኮ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው ይሄ ነገር?"

መሳቢያውን ከፈትኩላት። አየች። እሳት ላይ ያለውን ድስት አጠፋችና ካፖርቷን ለበሰች። "የመኪናውን ቁልፍ አምጣ። አሁን።"

ቅዳሜ፣ ፌብሩዋሪ 19

እንደሆነው ልጻፈው።

የክሊንት መኪና የለም። የፊት በሩ አልተቆለፈም። ቤቱ ከውጪው ይበርዳል። የኋለኛው ክፍል በር እጀታ ከደረጃው መደገፊያ ጋር በገመድ ታስሯል። ናዲን በወጥ ቤት ቢላ ቆረጠችው።

ኦርቪል ወለሉ ላይ፣ ምንጣፍ ተጠቅልሎ። ከማሞቂያው ቧንቧ ሥር የተጣመመ ማንኪያ ወድቋል።

"የ1909ኙን አገኘኸው?" አለኝ። የመጀመሪያ ቃሉ።

ናዲን ባዶ እግሩን ካፖርቷ ውስጥ አስገብታ አቀፈችው። አምቡላንስ እስኪመጣ ያወራ ነበር፤ ተው ብንለው እምቢ አለ። ከገና ማግስት ጀምሮ ነው። መጀመሪያ ክሊንት ስልኩን ቀማው። ከዚያ የጡረታ ቼኩን እያስፈረመ። ቤት ውስጥ ያለው ሲያልቅ ወደ ሳንቲም ማሰሮው ዞረ።

"ባንኩ ካልተጠቀለለ አልቀበልም አለው። ሥራ ከምትፈታ ጠቅልል አለኝ። እሺ አልኩት። ጌታዬም አልኩት፣ ውሻውን።" ሊስቅ ሞከረ። "መልእክት ጽፌ እንዳልከትበት እየፈታ ያያል። ሳንቲም ግን ለሱ ሳንቲም ነው። ደህናዎቹን ከሳንቃው ሥር ደብቄያቸው ነበር... እነሱን ጠቀለልኩልህ። ማርላ ላንተ እንደምታስቀምጥ አውቃለሁ። ሮስኮ ሃምሳ ስንዴ ባንዴ ሲያይ የት እንደተለቀሙ ይገባዋል፣ በሩን ሰብሮ ይገባል አልኩ። ባለፈው ሳምንት ጣቶቼ እምቢ አሉኝ እንጂ..."

ናዲን ቀና ብላ አላየችኝም።

ሃያ ሦስት ጥቅል። ሃያ ሦስት ጊዜ ጠርቶኛል።

አርብ፣ ማርች 4

ሆስፒታል ሄድን። የግራ እግሩን አራት ጣቶች ቆርጠዋል። ቀኝ እጁ ገና ማንኪያ አይጨብጥም። ክሊንት ኬንታኪ ውስጥ ተይዟል።

ጥቅሎቹን በሙሉ በሣጥን አድርጌ ይዣቸው ነበር። መኪና ውስጥ ተውኳቸው፤ መጀመሪያ እውነቱን ልነግረው፣ ከዚያ ወርጄ ላመጣቸው። ቤት ሳለሁ ቃል በቃል አጥንቼው ነበር።

ነርሷ ትራሱን ስታስተካክል፣ "እሱ ነው ያልኩሽ ሰውዬ" አላት። ወደኔ ዞረ። "እስቲ ንገራት፣ የትኛውን ጥቅል ነው መጀመሪያ ያገኘኸው? እኔ ቀኑ ሁሉ ተምታቶብኛል።"

ናዲን ወንበሩ ላይ ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። ጠበቀችኝ።

"የ1909ኙን" አልኩ። "እንዳገኘሁት መጣሁ።"

"አየሽ! ሌሎቹን አንድ የማይረባ ሰው ለቃቅሟቸዋል። ምን ያደርጋል... ሮስኮ እጅ ቢገቡ ኖሮ በማግስቱ እዚያ ነበር።"

ናዲን ተነስታ ወጣች። ኮሪደሩ ላይ ጫማዋ እየራቀ ሲሄድ ይሰማኛል።

ነርሷ እጇን ዘረጋችልኝ። "እንዳንተ ያለ ጓደኛ ይብዛ" አለች።

ጨበጥኳት።