«ያሳክካታል» አልኩት

ውድ እህቴ አዝመራ፣

ጤናሽን ጠይቄ አልጀምርም። ጤናሽ እንዴት እንደከረመ ካንቺ ቀድሜ የማውቀው እኔ ነበርኩ፤ የምጽፍልሽም ስለዚሁ ነው። በአማርኛ የጻፍኩት ልጆችሽ ሳያነቡት አንቺ ብቻ እንድታነቢው ብዬ ነው። ከጨረስሽ በኋላ ለማን እንደምትነግሪ የራስሽ ፈንታ ነው።

ትናንት ደውለሽ «እሁድ ጠዋት ኮሚቴው ፊት ትቆምልኛለህ፤ ያልኩትን የሰማህ አንተ ነህ፣ ዕብራይስጡንም አንተ ትመልስልኛለህ» አልሽኝ። «እሺ» አልኩሽ። ሐኪሙን ለሕክምና ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ከሰሽዋል። ሦስት ዓመት ሙሉ የቆዳ ሽፍታ ነው እያለ ቅባት ሲሰጥሽ ኖሮ፣ በሽታው ቁምጥና ሆኖ ተገኘ። የግራ እጅሽ ሁለት ጣቶች ታጥፈው ቀሩ። «ክንዴ ደንዝዟል እያልኩት ችላ አለኝ» ትያለሽ፤ ሰውየው በዚህ ቃል ሥራውን ሊያጣ ይችላል።

አዝመራ፣ ለሐኪሙ አልነገርሽውም። የነገርሽው ለእኔ ነው።

እንደምታውቂው የዕለት ማስታወሻ እይዛለሁ። ሽፍታሽ የመጣበትና የጠፋበት ቀን ሁሉ ተጽፏል። ከሱኮት በዓል በኋላ ግራ ክንድሽ ላይ ሳንቲም የሚያህል ነጣ ያለ ነገር ወጣ። የሐኑካ በዓል ሲደርስ ሁለት ሆነ። ቅባቱ ሲቀባ ይደበዝዛል፤ ወር ሳይሞላ ዙሪያው ቀልቶ ይመለሳል። «ጠፋ» ብዬ የጻፍኩት አሥራ አንድ ጊዜ ነው፤ «ወጣ» ያልኩት ከመጀመሪያው ጋር አሥራ ሁለት።

ሐኪም ዘንድ የሄድንበትን የመጀመሪያውን ቀን ታስታውሺያለሽ። አንቺ አልጋው ጫፍ ላይ፣ እኔ በመካከላችሁ። ሐኪሙ ክንድሽን አገላብጦ አየና «ያሳክካታል?» አለኝ። ዞሬ ጠየቅሁሽ። ሳቅ አልሽ።

«ኧረ ምኑ ያሳክከኛል! እንዲያውም ስነካው የሌላ ሰው ክንድ ነው የሚመስለኝ» አልሽኝ።

የማያሳክክ ነጭ ነገር ምን እንደሆነ አውቃለሁ። አገር ቤት ሳለን የአክስታችን ባል ከወንዙ ማዶ ለብቻው ጎጆ ተሠርቶለት ነበር። ምግብ የማደርስለት እኔ ነበርኩ፤ ድንጋይ ላይ አስቀምጬ እመለሳለሁ። አንቺ ገና በጀርባ የምትታዘዪ ሕፃን ነበርሽ። ያ ሰው መጀመሪያ የታየበት እንዲህ ያለ ነገር መሆኑን አባታችን ሲናገር ሰምቻለሁ።

በሱቃችን በርበሬና ሽሮ የምታሽጊው አንቺ ነሽ። ወሬው ከተሰማ አንድ ኪሎ የሚገዛን አይኖርም። ሃጊት ልጄም ለትዳር ደርሳለች፤ ሽማግሌ ሲላክ መጀመሪያ የሚጣራው ዘር ነው። ይህን ሁሉ ለማሰብ አንድ ትንፋሽ በቃኝ። ለሐኪሙ «በጣም ያሳክካታል፣ እንቅልፍ ነሥቷታል» አልኩት። እሱም ያልኩትን ኮምፒዩተሩ ላይ ጻፈ፤ እስከ ዛሬ ፋይልሽ ላይ ያለው የእኔ ቃል ነው።

በሦስተኛው ጉብኝት ሰውየው ተጠራጥሮ ነበር። ይህን አታውቂም። ክንድሽን በመብራት እያየ «የመቧጨር ምልክት የለም። እርግጠኛ ነህ ያሳክካታል?» አለኝ። እኔም «ዶክተር፣ ባህላችን ነው፤ የእኛ ሴቶች ሰው እንዳያያቸው አይቧጭሩም» አልኩት። አፈረ። ባህላችንን ያስቀየመ መስሎት ይቅርታ ጠየቀኝ። «ምን አለህ?» ስትዪኝ «የበርበሬው ብናኝ ሳይሆን አይቀርም ይላል» አልኩሽ፤ ከሱቁም ያስወጣሁሽ በዚሁ ሰበብ ነው። አንቺም ቤትሽ ውስጥ በርበሬ መንካት ተውሽ። ልጆችሽ ዓመት ሙሉ አልጫ በሉ።

ከዚያ እትዬ እናና መጡ። ደብረ ገነት፣ የኢትዮጵያውያኑ ገዳም ግቢ የሚኖሩት፣ ሽሮ የሚገዙን አሮጊት። ያን ዕለት ልትጠይቂኝ መጥተሽ የሱቁ በር አጠገብ ተቀምጠሻል። ክንድሽን አዩና «ነይ እስኪ ልጄ፣ ዓይንሽን ጨፍኚ» አሉሽ። ከነጠላቸው ጫፍ አንድ ክር መዘዙ። «ክሩ ሲነካሽ ንገሪኝ።»

ዓይንሽን ጨፍነሽ ፈገግ ብለሽ ጠበቅሽ። ክሩ ነጩ ቦታ ላይ አራት ጊዜ ሄደ፣ መጣ።

«ኧረ እትዬ፣ መቼ ነው የሚጀምሩት?» አልሽ።

እሳቸው ቀና ብለው እኔን አዩኝ። እኔ «ሽሮው አንድ ኪሎ ነው ሁለት?» አልኳቸው።

እስከ ነቢያት መንገድ ማዕዘን ድረስ ዕቃቸውን ተሸክሜ ሸኘኋቸው። በወጣትነታቸው በቁምጥና ሆስፒታል ቁስል ያጥቡ እንደነበር የነገሩኝ ያኔ ነው። «ዛሬ ክኒን አለው። ዓመት ትውጣለች፣ ትድናለች። ነገ ውሰዳት» አሉኝ።

«ሃጊትን ልድር ነው እትዬ። ሰርጉ ይለፍ።»

«ሰርጉ ጣት ይመልሳል?» አሉኝና ዕቃቸውን ከእጄ ነጥቀው በኢትዮጵያ መንገድ ወደ ግቢያቸው ወጡ። ከዚያ በኋላ ሽሮ ከእኛ ገዝተው አያውቁም።

ስመለስ «ምን አግኝተውብኝ ነው?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። የመለስኩልሽን ታስታውሺያለሽ። «ክርስቲያን ናቸው፤ አይሁድ ናቸው ብለው አባቶቻችንን ቡዳ ሲሉ የኖሩ ሰዎች። ክርና ድግምት እያሉ ያስፈራሩሻል፤ አትስሚያቸው» አልኩሽ። አባታችን በዚያ ስድብ የቆሰለውን አውጥቼ አፍሽን ዘጋሁበት። የሠራሁትን ሁሉ ብደረድረው ይህ ይብስብኛል።

ሰርጉ አለፈ። ጨፈርሽ፤ ረጅም እጅጌ ለብሰሽ። ከሰርጉ በኋላም አልወሰድኩሽም። ዛሬ ነገ ስል ስድስት ወር ሄደ፤ የማቀርበው ሰበብ እንኳ አልነበረኝም።

ከዚያ ያ ዓርብ መጣ። ሰንበት ሊገባ ሲል ምግቡን የሰንበት ማሞቂያው ፕላታ ላይ ስትደረድሪ እጅሽ የጋለው ብረት ላይ አርፎ ቀረ። አላወቅሽም። ኦሽራት ከሳሎን «እማ፣ ምን እየተቃጠለ ነው?» ብላ መጣች። የሚቃጠለው አንቺ ነበርሽ።

ድንገተኛ ክፍል አብራሽ ገብታ ያስተረጎመችልሽ ኦሽራት ናት፤ እኔ አልደረስኩም። ሐኪሟ «እንዴት አላመመሽም?» ብላ ጠየቀችሽ። የኦሽራት አማርኛ ሰባራ ነው፤ እኔም እስቅባት ነበር። ግን የጠየቋትን ጠየቀችሽ፣ ያልሽውን አለች። በሳምንቱ ከቆዳሽ ቆርጠው መረመሩና ስሙን ነገሩሽ። እኔ ሦስት ዓመት የሸሸግሁትን ልጅሽ በአንድ ቃል አወጣችው።

ኮሚቴው ፊት ምን እንደምናገር ሳስብ አደርኩ። ዝም ብል ማንም አያውቅብኝም። ክፍሉ ውስጥ የነበርነው ሦስት ነን፤ አማርኛና ዕብራይስጥ ሁለቱንም የሚያውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ለሃጊት ነገርኳት። ስለ ሰርጓ ልጀምር ስል «ዳይ፣ በቃ አባ። በእኔ አታሳብ፤ የፈራኸው አንተ ነህ» አለችኝ። ልክ ናት።

ሐኪሙ ንጹሕ ነው ብዬ አልጽፍልሽም። በመርፌ ጫፍ አንድ ጊዜ ቢነካሽ ያገኘው ነበር፤ እሱን ኮሚቴው ይጠይቀው። የእኔን ግን እሱ አይሸከምልኝም። ከደብተሬ ያንን የመጀመሪያውን ቀን ገጽ ቀድጄ እዚህ ውስጥ ከትቼልሻለሁ። «አዝመራን ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት። ያሳክካታል አልኩት፤ አመነ። ተገላገልኩ» ይላል። ለጠበቃሽ ስጪው።

ይቅርታ የሚለውን ቃል እዚህ መጻፍ ይቀለኛል፤ ስለዚህ አልጻፍኩትም። ፊት ለፊት ቆሜ ልለው የምትፈቅጂበት ቀን ካለ አንቺ ትነግሪኛለሽ።

እሁድ ሌላ አስተርጓሚ ያዢ፤ ኦሽራት ትበቃሻለች። እኔ እዚያው እገኛለሁ፤ የምቀመጠው ግን ከሐኪሙ ጎን ነው። ስጠየቅ ክንድሽ እንደማይሰማሽ እንደነገርሽኝ፣ እኔ ደግሞ ምን እንዳልኩ ራሴ እናገራለሁ። ስንጨርስ በየትኛው በር እንደምትወጪ አይቼ በሌላው እወጣለሁ።

ወንድምሽ ፈጠነ
ኢየሩሳሌም