ስለ አጭሯ የአልጋ እግር

አንደኛዋ እግሩ ከሦስቱ በሁለት ጣት የምታጥር የገመድ አልጋ በቤቴ መኖሩን ለወራሾቼና ለምስክሮቼ በታላቅ ጥሞና አስታውቃለሁ። እኔ አናጢ ወሰኔ አባተ፣ የአሰብ ነዋሪ፣ ጉልበቴ ቢከዳኝም አእምሮዬ እንደ ቱንቢ ቀጥ ያለ መሆኑን አረጋግጬ፣ ዛሬ ሰኔ ፲፪ ቀን ፲፱፻፹፯ ዓ.ም. ቃሌን በመምህር ፍሬሰላም እጅ አስጽፋለሁ።

አንደኛ፤ አልጋውን የሠራሁት እኔ ነኝ። አራት እግር፣ አራት አግዳሚ፣ አንድ ጥቅል ገመድ፤ ሌላ የለውም። በወደቡ ዙሪያ ሹፌር ሁሉ የሚያርፍበት የገመድ አልጋ የእርሱ ግልባጭ ነው። ከነቤቱ ለልጄ ለአሰጋሽ ይሁን። ወንድሟ ውብሸት ራስጌ ሊቀጥልለት፣ ቀለም ሊቀባው፣ አጭሯንም እግር ሊያስተካክል ማሰቡን ሰምቻለሁ። ልጄ፣ እጅህን ሰብስብ። ግቢያችን ተዳፋት ነው፤ አጭሯ እግር የምታርፈው ከፍ ባለው በኩል ነው፤ የባሕሩ ነፋስ የሚያልፈውም እዚያው ላይ ነው።

ሁለተኛ፤ የሠርግ አልጋዬ ለውብሸት ይሁን። ደገኞች ሹፌሮች ካመጡልኝ ዋንዛ ሠርቼ፣ ሁለት አንበሳ ቀርጬበት፣ መስታወትና ስድስት መሳቢያ ገጥሜለት ነበር። ሙቀቱ ሲገባ አሰብ በሙሉ አልጋውን ተሸክሞ ወደ ግቢ ወጣ፤ የእኔው በበሩ አላልፍ አለ። ባለቤቴ ዘውድነሽ ሰሌኗን ጠቅልላ፣ "በል አንበሶችህን ጠብቅ" ብላኝ ወጣች። እኔም ለክብሬ ስል እስከ መስከረም ከአንበሶቼ ጋር ተቀቀልሁ። ውብሸት አልጋውን መውሰድ ይችላል፤ በሩን ማፍረስ ግን አይችልም፤ ቤቱ የእኅቱ ነው።

ሦስተኛ፤ መጋዜ፣ መሮዬና መላጊያዬም ለእርሱ ይሁኑ። ጌጥ ከመቅረጹ በፊት፣ "ይህ ምን ይሠራል?" ብሎ እንጨቱን ይጠይቅ። አርባ ዓመት እንጨት ስልግ ኖሬ፣ መጨመር ቀሎ መተው የሚከብድበት ምክንያት እስከ ዛሬ አልተገለጠልኝም። የደረሰበት ሰው ካለ መቃብሬ ድረስ መጥቶ ይንገረኝ።

ተናዛዥ፦ ወሰኔ አባተ (የጣት አሻራ)
ጸሐፊ፦ መምህር ፍሬሰላም (ፊርማ)
ምስክሮች፦ ሹፌር ሰውነት በቀለ (ፊርማ)፣ የራሔይታው ዓሣ አጥማጅ መሐመድ ዲኒ (የጣት አሻራ)

እርማት፤ ቃሉ ለምስክሮች ሲነበብ ወይዘሮ ዘውድነሽ ከደጃፉ ላይ ቆመው፣ "ማን ነው የሠራው ያልከው?" ብለው ስለጠየቁ፣ በአንደኛው አንቀጽ "የሠራሁት እኔ ነኝ" የተባለው፣ "እኔ ከአንበሶቼ ጋር ስቀቀል ዘውድነሽ በግቢው የሠሩት ነው፤ አጭሯንም እግር ለመሬቱ ለክተው የቆረጧት እርሳቸው ናቸው" ተብሎ ይነበብ። የገመድ አልጋው የእኔ ስላልሆነ ላወርሰው አልችልም፤ አሰጋሽ እናቷን ትጠይቅ። እስከ ዕለተ ሞቴ የምተኛበትም በባለቤትየዋ ፈቃድ መሆኑ ተመዝግቧል።