«እስስት» የተባሉት የታሪክ መምህር

አክስታችን ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ በነበረች ባለ ሁለት ክፍል ቤት፣ አሜሪካና ሶቪየት ኅብረት ዓለምን ለሁለት ከፍለው መፋጠጥ በጀመሩበት ዓመት ተወለዱ። የዕድሜ ልክ ሥራቸውም ያ ፍጥጫ ለምን እንደተነሣ መመርመር ሆነ።

ለእኛ ለቤተሰቦቻቸው «እቴቴ» ነበሩ። በሥራ ቦታቸው «እስስት» ተባሉ። ይህን ስም ይዘው ዛሬ እንዲቀበሩ አንፈቅድም።

ትምህርታቸውን በሰፈራቸው ጀምረው በዩኒቨርሲቲ ጨረሱ፤ እዚያው ታሪክ ማስተማር ጀመሩ። በመጀመሪያ ከመምህሮቻቸው እንደተረከቡት፣ የቀዝቃዛው ጦርነት መንስኤ የሶቪየቶች የመስፋፋት ምኞት ነው ብለው አስተማሩ። የአሜሪካን የገበያ ፍላጎት የሚመረምሩ ጥናቶች ሲወጡ ግን ሚዛኑ ወደዚያ አደላባቸው። ቆይተው ሁለቱም ወገኖች በፍርሃት ተገፋፍተው እንደገቡበት ተቀበሉ። የሞስኮ መዛግብት ሲከፈቱም የሶቪየት መሪዎች የኮሚኒዝም እምነት ካሰቡት በላይ እንደከበደ አይተው፣ ትምህርታቸውን እንደገና አረሙ።

ባረሙ ቁጥር የቀድሞ ተማሪዎቻቸውን ፈልገው ይነግሩ ነበር። አንዱን በሚሠራበት መድኃኒት ቤት አግኝተው፣ «ልጄ፣ ያኔ ያስተማርኩህ ግማሹ ስህተት ነው» ቢሉት፣ «መምህር፣ ቀስ ብለው ይናገሩ፤ ስለ መድኃኒት ያስተማሩኝን የሚሉ መስሏቸው ወረፈኞቹ ሊበተኑብኝ ነው» አላቸው።

የአውቶቡስ ሹፌር አግብተው አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ ወለዱ። ባለቤታቸው፣ «ይኼ ጦርነትሽ ቀዝቃዛ ነው ሲባል ስንት ድስት አሳረረብን!» እያሉ ይቀልዱ ነበር።

ራሳቸው አስተምረው ለወግ ያበቁት የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ግን መንግሥት በተለወጠ ቁጥር የፈተናውን መልስ ይለውጥ ነበር። በመጨረሻም ለቀዝቃዛው ጦርነት ከበላይ የታዘዘው አንድ ምክንያት ብቻ ይሰጥ ብሎ አዘዘ። እቴቴ እምቢ አሉ። ኃላፊው በስብሰባ ፊት፣ «አንዴ እነዚህ፣ አንዴ እነዚያ ትያለሽ። እስስት ነሽ!» አላቸው። እሳቸውም፣ «እስስት የምትለወጠው የቆመችበትን እንጨት አይታ ነው። እኔ የተለወጥኩት ማስረጃ አይቼ ነው። አንተ ግን ወንበር አይተህ ነው፣ ልጄ» አሉት። በሳምንቱ ቢሯቸው ተቆልፎ፣ መጻሕፍታቸው ኮሪደር ላይ ተዘርግፈው አገኟቸው።

ትናንት ያው የትምህርት ክፍል ሰውና የአበባ ጉንጉን ልኮ፣ «በገዛ ፈቃዳቸው ጡረታ ወጡ» ብላችሁ ጻፉ አለን። ዐይን ያወጣ ውሸት ነው። አባረሯቸው።

እቴቴ በኩላሊት ሕመም ሲሠቃዩ ቆይተው፣ በተወለዱ በሰባ ስምንት ዓመታቸው ባለፈው ማክሰኞ ዐረፉ። ባለቤታቸው፣ ሁለት ልጆቻቸውና አራት የልጅ ልጆቻቸው በሐዘን ቆመዋል።

በዚህ ጽሑፍ ስህተት ያገኘ ማስረጃውን ይዞ ይምጣ፤ ያስተማሩን ይህንን ነውና እናርማለን። ባዶ እጁን የመጣ ግን ከላከው የአበባ ጉንጉን ጋር ከበሩ ውጭ ይቁም።

ሁሉን የሚያውቅ ፈጣሪ፣ ማረም በማያስፈልግበት ስፍራ ነፍሳቸውን ያሳርፍልን።