አሰልጣኝህ ቤት መጥቶ ነበር

ይድረስ ለምወድህ ታናሽ ወንድሜ፤

ሰላምታዬ ካለህበት በደህና ያግኝህ። እኛ ከድካም በቀር ደህና ነን።

እማዬ ዛሬም ሜዳሊያዎችህን ትወለውላለች። የልጆቹ አባት ወገቡ አልተሻለውም፤ ሥራ ካቆመ ዓመት ሞላው። አንዷ ነርስ ስለለቀቀች እኔ ክሊኒኩ ውስጥ ሁለት ፈረቃ እየሠራሁ ቤቱን ብቻዬን ይዤዋለሁ። ተራ የሚጠብቁት በሽተኞች እንኳ በአንተ ጉዳይ ይከራከራሉ። አንዱ፣ «አበረታች መድኃኒት የወሰደ ሰው ደግሞ ምን ሩጫ ያምረዋል?» ሲል፣ ሌላዋ «ሁለት ዓመት ሙሉ ተቀጣ፤ አይበቃውም? ልጅ አይደል እንዴ!» ትላለች። እኔ አንገቴን ደፍቼ መርፌዬን አዘጋጃለሁ።

እሑድ ዕለት አሰልጣኝህ ቤት መጥቶ ነበር። ፌዴሬሽኑ ሊጠራህ ነው አለ። መድኃኒቱን ማን እንደሰጠህ ከተናገርክ ቀሪውን ቅጣት ያነሱልሃል፤ ዘንድሮውኑ ትሮጣለህ። እማዬ በደስታ አለቀሰች። እኔም ደስ ብሎኛል፤ እንዴት ደስ አይለኝ! አሰልጣኙ ግን ሻዩን ሳይጨርስ ተነሳ፤ እኔንም ቀና ብሎ አላየኝም። ስትመጣ ግራጫውን ኮትህን ልበስ። እዚያ ስትቀርብ ወሬ አታብዛ፤ ድሮም ቁጥብ ነህ።

ትናንት ትንሿን ልጄን ክትባት ራሴ ወጋኋት። ልክ አንተ ያን ቀን እንዳደረግከው ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ዐይኗን ጨፈነች። ሲያልቅ፣ «ማን እንደወጋኝ እኮ አላየሁም» አለችኝ።

ሁሉም ጉንጭህን ሳሚልን ብለውኛል። ደጃችንን በሰላም ለመርገጥ ያብቃህ።

እህትህ