ፍሬን የሌለው ጂፕና ዘጠኝ ሰው

ማክሰኞ፣ ጥር 6 ቀን 1978

ፔዳሉ ወለል ነካ። ባለቤቴ በቀለ ከዓለም ጤና ከተማ ሽንኩርት ጭኖ ሲመለስ ሞጆ ኬላ ጋ ሊቆም ረገጠ፤ ምንም የለም። ደገመው፤ አሁንም የለም። በእጅ ፍሬንና በማርሽ እየታገለ መንገድ ዳር የተከመረ አሸዋ ውስጥ ገብቶ ቆመ። ከዚያ እስከ ናዝሬት በአንደኛ ማርሽ እየዳኸ ነው የመጣው። ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቆ ገባ። "ዛሬ ልጆቹ አብረውኝ ቢሆኑስ ኖሮ?" አለኝ። ውሃ ሰጠሁት።

ከኋላ ጎማ የፍሬን ዘይት ይንጠባጠባል። ጎሚኒው ተቀዷል ይላል። ጎሚኒ ማለት ዘይቱን አፍና የምትይዝ ትንሽ ክብ ጎማ ናት። በእሷ ነው እንግዲህ ይህን የሚያህል ጂፕ የሚቆመው።

ይሄ አልበቃ ብሎ የቀበሌው ዘበኛ ወረቀት ይዞ መጣ። ቅዳሜ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ጂፑ ቀበሌ ግቢ ይገኝ፤ ለመንደር ምሥረታ ቤት የሚሠሩ ዘጠኝ ሰዎች ጭኖ አርሲ ይሄዳል። በቀለ "ፍሬን የለውም እኮ ወንድሜ" አለው። ዘበኛው "እኔ አድራሽ ነኝ" ብሎ አስፈረመውና ሄደ።

ባለፈው ወር ጎረቤታችን አቶ መኮንን ሞተሩ ታሟል ብሎ ከዘመቻ ቀረ። አሻጥረኛ ተብሎ ታሰረ። ሚስቱ እስካሁን ስንቅ ታመላልሳለች። እና ምን እናድርግ? መኪናው ከቀረ እስር ቤት፣ ከሄደ ደግሞ ከደራ ወደ መልካሳ የሚወርደው ቁልቁለት አለ።

ረቡዕ፣ ጥር 7

ጋሽ ሁሴን ጋራዥ ሄድን። ጂፓችንን ከእኛ በላይ ያውቀዋል። ጎማውን አወለቀ፣ ታምቡር የሚባለውን ክብ ብረት ከፈተና ፊቱን አጨማደደ። የፍሬኑ ሸራ አልቆ ሚስማሩ ብረቱን መፋቅ ጀምሯል። ለሸራው መላ አለው፤ ከጭነት መኪና አሮጌ ሸራ ቆርጦ በመዳብ ሚስማር ይመታዋል። ችግሩ ጎሚኒው ነው። "ጎሚኒ አምጡልኝ እንጂ የግማሽ ቀን ሥራ ነው" አለ።

የለም። የመንግሥት መለዋወጫ መደብር የለም። ጣሊያን ሰፈር ያለው አሮጌ ሱቅ የለም። የፍሬን ዘይትማ ከጠፋ ቆይቷል። ሰው ሁሉ "ሻሸመኔ ሞክሩ፣ ሾፌሮች አያጡም" ይላል። በቀለ የይለፍ ወረቀት ለመለመን ሄደ፤ እኔ ወደ ቀበሌው ሊቀመንበር፣ ወደ ጓድ ተስፋዬ።

ቆሜ አስረዳሁት። ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። "ይሄ ፍሬን ዘመቻ ሲቃረብ ነው የሚበላሸው?" አለኝ። "ጓድ፣ ዘጠኝ ሰው ነው የሚጫንበት" አልኩት። "እንግዲያው አሠሩት" አለ። እቤት እስክደርስ ከራሴ ጋር ስጣላ መጣሁ። ልጆቹን ያለ ጥፋታቸው ተቆጣኋቸው።

ሐሙስ፣ ጥር 8

በቀለ ጎህ ሳይቀድ በአውቶቡስ ወደ ሻሸመኔ ሄደ። ስመኝለት ዋልኩ። ጎሚኒ፣ የፍሬን ዘይት፣ በሰላም መመለስ።

ከሰዓት በኋላ የበቀለ ታናሽ ወንድም ዘውዴ መጣ። ማደያ ነው የሚሠራው። ጉዳዩን ሰምቶ በጣሳ የሞተር ዘይት ይዟል። "እትዬ አስቴር፣ አንቺ ምን ያስጨንቅሻል? ዘይት ዘይት ነው" አለኝ። ጋሽ ሁሴን ጎማውን መልሶ መኪናውን ግቢያችን አስገብቶልን ነበር። ዘውዴ የፍሬኑን ዘይት ማጠራቀሚያ ሞላው፣ እኔን ፔዳሉን አስረገጠኝ፣ እሱ ሥር ገብቶ አየሩን አስወጣ። እግሬ ሥር ፔዳሉ ጠነከረ! ደግሜ ረገጥኩት፤ እንደ ድንጋይ። ግቢ ውስጥ ወደፊት ወደኋላ ነዳው፤ ቀጥ ይላል። መንጠባጠቡም ቆመ።

እልል ማለት ነው የቀረኝ። ዘውዴን በሁለት እጄ አቅፌ ሳምኩት። ሰው እንዴት እንዲህ ቀላል ነገር ሲያስጨንቀው ይከርማል? ዛሬ እተኛለሁ።

ዓርብ፣ ጥር 9፣ ቀን

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ጠዋት ጂፑ አልንቀሳቀስም አለ። ሞተሩ ይነሳል፣ ጎማው አይዞርም። አራቱም ፍሬን ነክሶ ቀርቷል። በቀለ በዚያው ሰዓት ከሻሸመኔ ገባ፤ ደስ ብሎት፣ በመሐረብ የተቋጠረ ጎሚኒ በኪሱ ይዞ። ለሁለቱ የፊት ጎማዎች የሚበቃ አግኝቷል፤ የፍሬን ዘይት ግን አጥቷል። ፊቴን ሲያይ ፈገግታው ጠፋ።

ጋሽ ሁሴን ዕቃውን አሸክሞ ቤታችን መጣ። ከፍቶ አየና አንዱን ጎሚኒ መዳፌ ላይ አኖረልኝ። እንደ ተነከረ ባቄላ አብጧል። የሞተር ዘይት የፍሬን ጎማ ያሳብጣል፤ መንጠባጠቡም የቆመው ለዚህ ነው። የተቀደደው አንዱ ብቻ ነበር፤ አሁን ሁሉም ሞተዋል። ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ይሄ ነው። ዘውዴ ግንቡን ተደግፎ ያለቅሳል። ልመታው ፈልጌ ነበር፤ አሳዘነኝ። በቀለ አልፎት ሄዶ ለጋሽ ሁሴን ዕቃ ማቀበል ያዘ። ቢናገረው ይሻል ነበር።

የጋሽ ሁሴን ውሳኔ፦ አዲሶቹ ጎሚኒዎች ፊት ይገባሉ። የኋላው ቱቦ ይደፈናል። ከፔዳሉ ሥር ዘይቱን የሚገፋውን ጎሚኒ ከወዳደቀ መኪና ፈልጎ ያመጣል። በሁለት ጎማ ብቻ መቆም ማለት ነው። ዘይቱስ? "ድሮ ዘይት ሲጠፋ በጉሎ ዘይትና በዳግም አረቄ ነበር የምንሠራው" አለ። "ያ ጎማ አይጎዳም። ግን ከጋለ አረቄው ይፈላል። ከፈላ ፔዳል የለም።"

የጉሎ ዘይት ያለው ፋርማሲ ነው፤ ለሆድ ድርቀት። ከአንዱ ፋርማሲ ወደ ሌላው ስዞር ዋልኩ፤ በአንድ ጊዜ ከአንድ ጠርሙስ በላይ አይሸጡም። የመጨረሻዋ ሻጭ "ለማን ነው?" አለችኝ። "ለባለቤቴ" አልኳት። "ስንት ቀኑ ነው?" ስትለኝ ሳቅ አመለጠኝ፤ ሳቁ ወዲያው ወደ ለቅሶ ዞረብኝ። ሴትዮዋ ደንግጣ ሁለተኛ ጠርሙስ ጨመረችልኝ።

ዓርብ ማታ

ሠሩት። ይይዛል፤ ለሜዳ ይይዛል። በቀለ ቁልቁለቱን በአንደኛ ማርሽ እወርዳለሁ ይላል።

ተጣላን። እኔ፦ ለሰዎቹ እንንገራቸው። እሱ፦ ከነገርናቸው ማን ይሳፈራል? ካልተሳፈሩ እኔ አሻጥረኛ፣ እነሱም ከዘመቻ ቀሪ። እኔ፦ የጎረቤታችን ልጅ ኮንጂት አለችበት፣ ሞግዚት አጥቼ ሳለሁ ልጆቼን ያቀፈችልኝ። እሱ "አስቴ፣ ልጆቹን አስቢ" አለኝ። የማስበውማ እነሱን ነው። የማንም ልጅ ከእኛ መኪና ተለቅሞ ሲወጣ እየታየኝ ነው።

ቅዳሜ፣ ጥር 10

ነገርኳቸው።

ቀበሌ ግቢ ድረስ አብሬ ሄድኩ። ጓድ ተስፋዬ ስም እየጠራ ያሳፍራል። እሱ ወደ ሌላው መኪና ዞር ሲል ወደ ጂፑ ጠጋ አልኩና "ፍሬኑ ደካማ ነው፤ ፊት ብቻ ነው የሚይዘው፤ ቁልቁለት ላይ አትመኑት" አልኳቸው። በቀለ መሪውን ይዞ ፊት ለፊት ያያል፤ ጆሮው ቀላ። ሰዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ኮንጂት ለመውረድ እግሯን አወጣች፤ መልሳ አስገባችው። ስሟ ተጠርቷል፣ ወዴት ትሄዳለች?

አዴ ጫልቱ የሚባሉ ትልቅ ሴት ጥግ ላይ ተቀምጠዋል። ከወንጂ ሸንኮራ ሥራ ጡረታ የወጡ ናቸው። "ወይ ኢጆሌ፣ ወይ ልጆቼ! ይሄ ምን ያስጨንቃል?" አሉ። "ሜዳውን በመኪና፣ ቁልቁለቱን በእግር። እሱ ባዶውን ያውርደው። አንተ ልጅ፣ ቁልቁለት ስትደርስ አቁምልን፣ ሰማህ?" በቀለ "እሺ እናቴ" አለ። ማርሹን አስገባ።

ሄዱ። ዛሬ ከተራ ነው፤ ሰው ነጭ ለብሶ ታቦት ሊሸኝ ይወርዳል። እኔ አልወጣሁም። መኪና ባለፈ ቁጥር ወደ በር እሄዳለሁ። መሸ፤ አልመጡም። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል።

እሑድ፣ ጥር 11

በሕይወት አለ! ሁሉም በሕይወት አሉ!

ረፋድ ላይ የጭነት መኪና በር ላይ አወረደው። ግራ እጁ በነጠላ ታስሮ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል፤ የትከሻው አጥንት ተሰብሯል። ግንባሩም ተፈንክቷል። ልጆቹ ጩኸታቸውን ለቀቁት። እኔ ነካካሁት እንጂ ማልቀስ አልቻልኩም።

ሲሄዱ ደህና ነበር። ቤት ሲሠሩ ዋሉ። ሲመለሱ ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ አቆመላቸው፣ ሁሉም ወረዱ። ባዶውን እያወረደ ግማሽ ላይ ሲደርስ የአረቄ ሽታ መጣበት፣ ፔዳሉ ወለል ነካ። ማርሹም አመለጠው። በቀኝ ገደል፣ በግራ የተቆረጠ የአፈር ግድግዳ፤ ግድግዳውን መረጠ። ጂፑ በጎኑ ተኝቷል፤ የኋለኛው ወንበር፣ እነኮንጂት የተቀመጡበት፣ ተጨፍልቋል። ሮጠው ደርሰው በበሩ ጎትተው ያወጡት አዴ ጫልቱ ናቸው፤ እስኪነጋ የሚያመጣቸው መኪና አላገኙም።

መኪናው ይቅር። እግዚአብሔር ይመስገን፣ መኪናው ይቅር።

ከሰዓት። ቶሎ ተደስቼ ነው። ዘበኛው ሌላ ወረቀት አመጣ፤ በእኔ ስም። ሰኞ ሦስት ሰዓት ቀበሌ እንድቀርብ። ምን እንደሆነ ስጠይቀው ዙሪያውን አየና ቀስ ብሎ ነገረኝ። ፍሬኑ እንደሚበጠስ አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው ራሱ ያበላሸው ነው እየተባለ ነው። ሰዎቹን ማስወረዴ ማስረጃ ሆኗል። ረቡዕ ለጓድ ተስፋዬ የነገርኩትስ? እሱ አልሰማሁም ብሏል።

ዝም ብዬ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ዘጠኝ ቤት ለቅሶ ነበር፤ እኔን ግን ማንም አይጠራኝም ነበር። በቀለ "እኔ ነኝ ያስወረድኳቸው እላለሁ" ይላል። ሁለታችንም ከታሰርን ልጆቹን ማን ያሳድጋል? እንደዚያ እንዳይል አስማልኩት።

ሰኞ፣ ጥር 12

ሌሊቱን ለልጆቹ ልብስ ሳጣጥፍ አደርኩ። ኮንጂት ትናንት ማታ መጥታ ነበር። አዴ ጫልቱ በየቤቱ እየዞሩ ነው አለችኝ፤ ዘጠኙም አብረውኝ ቀርበው "ያዳነችን እሷ ናት" እንዲሉ። ተይ አልኳት። ይህ ዘመን ለሰው ብለው ስም የሚያስጽፉበት አይደለም።

አሁን ሁለት ሰዓት አልፏል። በሩን ከፍቼ አየሁ። አዴ ጫልቱ ዱላቸውን ተደግፈው ቆመዋል። ኮንጂትም አለች። ሁሉም አልመጡም፤ አምስት ናቸው። የቀሩትን አልቀየምም፤ እኔም ብሆን ልጆቼን አይቼ እቀር ይሆናል።

አምስት ይበቃ እንደሆነ አላውቅም። አዴ ጫልቱ "ነይ ውጪ እንጂ፣ ፀሐዩ ሳይጠነክር" ይላሉ። በቀለ ነጠላዬን በአንድ እጁ ይዞልኝ ቆሟል። እየወጣሁ ነው።